«የእኔ ዕቃ ብቻ ለምን ረከሰ?» የባዶ ሃይላንድ ገበያ ሒሳብ

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። ከሆቴሎችና ከቆራሌዎች ባዶ ሃይላንድ እየገዛሁ አዲስ አበባ ላለ ተረካቢ እልካለሁ። ሥራው ጥሩ ይዞኝ ነበር። አሁን ተረካቢው ዋጋውን በግማሽ ቆረጠብኝ። ነዳጅ ጨምሯል፣ ዶላር ጨምሯል፣ ጤፍ ጨምሯል፤ የእኔ ዕቃ ብቻ ነው የረከሰው። ሰውየው እያጭበረበረኝ ነው? መፍጫ ማሽን ገዝቼ ራሴ ብፈጨው ይሻለኛል? ወይስ ሃይላንዱን ትቼ ወደ ብረት ልዙር? ይንገሩኝ።»

ሰላም ወንድሜ። ተረካቢህ ሊያጭበረብርህ ይችላል። ግን አንድ ሳንቲም ሳያጭበረብርህም ያንተ ዋጋ በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ከዚህ ልጀምር፤ ስለ ማሽኑም ስለ ብረቱም የጠየቅኸው መልሱ ከዚሁ ነው የሚወጣው።

ገበሬ ጤፍ የሚዘራው ሊበላውና ሊሸጠው ነው። ዋጋው ካላዋጣው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይዘራል፤ ጤፍ ሲያንስ ዋጋው ይመለሳል። ባዶ ሃይላንድን ግን ሊሸጠው ብሎ የሚያመርተው የለም። ሰው ውሃውን ጠጥቶ ጠርሙሱን ይጥላል። የባዶው ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም የሚጠጣው ውሃ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ስለዚህ «ይሄን ያህል አውጥቻለሁ፣ ይሄን ያህል ይገባኛል» የሚለው የነጋዴ ሒሳብ እዚህ አይሠራም። እዚህ ሒሳቡ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ፋብሪካው የሚከፍለው ይያዛል። ከዚያ በመንገድ ላይ ያለው ወጪ ሁሉ ይቀነሳል። የተረፈው ያንተና የቆራሌው ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ነው የመረጥኳቸው፤ የዛሬ ገበያ ዋጋ አድርገህ እንዳትይዛቸው። ታጥቦና ተፈጭቶ የደረቀውን የሃይላንድ ፍርፋሪ፣ በሥራው ቋንቋ ፍሌክ የምንለውን፣ ፋብሪካው በኪሎ 100 ብር ይገዛል እንበል። ለማጠብ፣ ለመፍጨት፣ ለመብራትና ለሚጠፋው ክብደት 35 ብር ይሄዳል። ማመላለሻ 10 ብር። መለያና ማሸጊያ 8 ብር። የመሀል ነጋዴው ትርፍና የገንዘቡ ወለድ 7 ብር። ድምሩ 60 ብር ነው። ለአንተና ለሰብሳቢው 40 ብር ተረፈ።

አሁን ፋብሪካው ዋጋውን በ20 በመቶ ቀነሰ። ፍሌኩ 80 ብር ገባ። ማጠቢያው፣ መኪናው፣ መብራቱ፣ የቀን ሠራተኛው አልቀነሰም። 60ው እንዳለ ነው። ከ80 ላይ 60 ሲቀነስ የሚተርፈው 20 ብር ነው። ከላይ 20 በመቶ የወረደው ዋጋ አንተ ጋ ሲደርስ 50 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ማንም አላታለለህም፤ ቅነሳውን መሸከም የሚችለው የመጨረሻው ትራፊ ብቻ ስለሆነ ነው። እንዲያውም በአንተ ጊዜ ነዳጅም ጨምሯል። መሀል ያለው 60 ብር 65 ቢሆን ያንተ 15 ብር ይሆናል። «ሁሉ ተወዶ የእኔ ረከሰ» ያልከው ለዚህ ነው። ያንተ ዕቃ የረከሰው ሁሉ ነገር ስለተወደደም ጭምር ነው።

ተመሳሳዩ ነገር ወደ ላይም ይሠራል። ፋብሪካው 120 ብር ሲከፍል ያንተ 60 ይገባል፤ 50 በመቶ ጨመረልህ። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ወደዚህ ሥራ ይገባል። መጋዘን ይከራያል፣ ይበደራል። ዋጋው ሲመለስ የሚቃጠለውም እሱ ነው።

ታዲያ ላይኛውን 100 ብር ማን ይወስነዋል? የሃይላንድ ጠርሙስ ፔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው የሚሠራው። አዲሱ ፔት ከነዳጅ ተዋጽኦ ይመረታል። ፍሌክ የሚገዛ ፋብሪካ ሁልጊዜ ሁለተኛ በር አለው፤ አዲሱን መግዛት ይችላል። አዲሱ ሲረክስ ያንተ ዕቃ ጣሪያውም አብሮ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በኮሮና ምክንያት የነዳጅ ዋጋ ተንኮታኩቶ ነበር። ሚያዝያ 20 ቀን የአሜሪካ ነዳጅ የወደፊት ውል፣ ማለትም ወደፊት ለሚረከቡት ነዳጅ ዛሬ ዋጋ የሚቆረጥበት ውል፣ ዋጋው ከዜሮ በታች ገባ። ያን ሰሞን በብዙ አገር ያሉ ፕላስቲክ ሰብሳቢዎች ዕቃቸውን የሚረከባቸው አጡ። ጥራታቸው አልወረደም። አዲሱ ፕላስቲክ ከእነሱ ስለረከሰ ብቻ ነው።

ሌላው ገዥ የፖሊስተር ክር ነው። በዓለም ላይ ከሚሰበሰበው ፔት ብዙው ተመልሶ ጠርሙስ አልሆነም። ክር፣ ምንጣፍ፣ የትራስና የብርድ ልብስ ሙሌት ነው የሆነው። ስለዚህ የእስያ ጨርቃ ጨርቅ ሲቀዘቅዝ ሐዋሳ ላይ የታጨቀ ማዳበሪያ ዋጋ ይወርዳል። ቻይና ለረጅም ዘመን የዓለም ትልቋ የቁርጥራጭ ገዥ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም ከተሸጠው የፕላስቲክ ቆሻሻ 45 በመቶ ያህሉን የወሰደችው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሃያ አራት ዓይነት ቆሻሻዎችን አላስገባም አለች። በዚያው መጋቢት ደግሞ ለቀሪው ዕቃ ከባዕድ ነገር የሚፈቀደውን መጠን ወደ 0.5 በመቶ አወረደችው። በአንድ ውሳኔ አሜሪካና አውሮፓ መጋዘን ውስጥ ያለው ወረቀትና ፕላስቲክ ገዥ አጣ። በርካታ የአሜሪካ ከተሞች ድሮ ገንዘብ ያገኙበት ለነበረው ዕቃ ማስወገጃ መክፈል ጀመሩ። ትራፊ ዋጋ ከዜሮ በታችም ሊሄድ እንደሚችል ያኔ በደንብ ታየ።

የዶላሩ ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል፤ አንተንም አደናግሮሃል። ተረካቢህ ፍሌኩን ወደ ውጭ የሚልክ ከሆነ ዶላር ሲወደድ በብር ብዙ ያገኛል። ታዲያ ለምን ያንተን አልጨመረም? አንደኛ፣ ዕቃው በዶላር ራሱ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት የእኛው አገር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የባንክና የጥቁር ገበያ ዋጋ በጣም የተራራቀ ነበር። በዚያ ዘመን ዶላር ማግኘት ራሱ ትርፍ ነበር። በቡናና በሰሊጥ ያየነው ነው፤ ላኪው አገር ውስጥ ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝቶ በኪሳራ ይልክና ባገኘው ዶላር ዕቃ አስመጥቶ ያካክሰዋል። ቁርጥራጭ የሚልክ አስመጪም ቢሆን ያው ስሌት ይሠራለታል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሁለቱ ዋጋዎች ተቀራረቡ። ያን ጊዜ ለዶላሩ ሲባል ይከፈል የነበረው ጭማሪ ቀለለ። ተረካቢህ እንዲህ ዓይነት ሰው ከነበረ፣ ድሮ የከፈለህ ለሃይላንድህ ብቻ አልነበረም፤ ለዶላሩም ጭምር ነበር።

አሁን ወደ ማጭበርበሩ እንምጣ። የምታጣራበት መንገድ አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ለአንድ ዓይነት ዕቃ፣ ከሁለት ሌሎች ተረካቢዎች ዋጋ ጠይቅ። ስትጠይቅ «ስንት ትገዛለህ?» ብቻ አትበል። ጥያቄውን ሙላው፤ ነጩ ብቻ ተለይቶ፣ ክዳን ወልቆ፣ ተጨምቆ ታስሮ፣ እዚያው መጋዘንህ ድረስ ሲደርስ ስንት ነው በል። አንዱ በእጅ ከፍሎ፣ ሌላው በ30 ቀን ከሆነ ዋጋቸው አንድ አይደለም። ፋብሪካ ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነው የሚከፍለው። የመሀል ነጋዴው ግን ለአንተ ዛሬ ይከፍላል። የሚቆርጥብህ የተወሰነው የዚያ ገንዘብ ኪራይ ነው። በተለይ ቅድሚያ ገንዘብ ወስደህበት ከሆነ ልብ በል። ቅድሚያ የሰጠህ ሰው ዋጋህንም ገዝቶታል። ወለድ አልጠየቀህም፤ ግን በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ይወስደዋል። ሦስቱም ተረካቢዎች ተቀራራቢ ዋጋ ከነገሩህ ገበያው ነው የወረደው። ያንተ ሰው ብቻ በሰፊው ካነሰ፣ እውነትም እየበላህ ነው፤ ተወው።

አንድ ጥንቃቄ። ዋጋውን ሳይነኩ በሚዛንና በተቀናሽ ላይ መጫወት በጣም ቀላል ነው። «ለእርጥበት፣ ለቆሻሻ 15 በመቶ ቀንሼበታለሁ» ሲልህ እንዴት እንደለካው ጠይቀው። ራስህም ሳትለካ አትላክ።

ይሄ ተቀናሽ ከምን እንደመጣ ግን ልታውቅ ይገባል፤ ገንዘብህ ያለው እዚህ ነው። አንድ ማዳበሪያ ፈትተን እንየው። ከላይ የምናገኘው ንጹሕ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ነው፤ ክብደቱ 15 ግራም አካባቢ። ከሱ ሥር ያለው ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ውስጡ ትንሽ ውሃ አለው። ጠብታ ይመስላል። 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢሆን እንኳ 10 ግራም ነው። 15 ግራም የነበረው ጠርሙስ 25 ግራም መዘነ ማለት ነው። ተረካቢው ውሃ በፕላስቲክ ዋጋ ገዛ። ከዚያ በታች አረንጓዴ ጠርሙስ አለ። ነጭ ፍሌክ ውስጥ ከገባ ክሩን ያጠይመዋል። ቀጥሎ ቅባት የያዘ የዘይት ጠርሙስ ይወጣል። ከሱ አጠገብ ላምባ የተቀዳበት አለ፤ ሽታው ይነግርሃል። ይሄ የእኛ አገር የተለየ ጠባይ ነው። ሃይላንድ እኛ ጋ አንዴ ጠጥተው የሚጥሉት ዕቃ አይደለም። ወተት ይቀዳበታል፣ አረቄ ይቀዳበታል፣ ላምባ ይቀዳበታል። ገበያ ላይ በፍሬ የሚሸጥ ጠርሙስ በኪሎ ከሚሸጠው ይበልጣል። ስለዚህ ጥሩ ጥሩው ለቅጂ ተመርጦ ይሄዳል። ለአንተ የሚደርስህ ብዙ ጊዜ የተጨማደደውና የቆሸሸው ነው።

ክዳኑ ደግሞ ከሌላ ፕላስቲክ ነው የሚሠራው። ፋብሪካ ውስጥ ተፈጭቶ ውሃ ገንዳ ሲገባ የክዳኑ ፍርፋሪ ይንሳፈፋል፤ የጠርሙሱ ይሰምጣል። እንዲህ ነው የሚለዩት። ይሄ ጥሩ ነው። ችግር ያለው ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ እሱም እንደ ጠርሙሱ ይሰምጣል። በጣም ጥቂት ብትገባ እንኳ ማቅለጫው ውስጥ ታርራለች፣ ዕቃውንም ቢጫ ታደርገዋለች። ገዥው ይሄን ሁሉ ይፈራል። ከ100 ኪሎ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ንጹሕ ፍሌክ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ነው። ሌላው ክዳን፣ ወረቀት፣ ውሃና አፈር ነው። እና በ70 እና በ80 መሀል ያለው ልዩነት ማን እንደሚከፍለው አሁን ታውቃለህ።

ንጽሕና ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ድንበር ማለፊያም ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ የአደገኛ ቆሻሻን ድንበር ተሻጋሪ ዝውውር በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የባዝል ስምምነት መሠረት የተቀላቀለና የቆሸሸ ፕላስቲክ የተቀባዩ አገር መንግሥት አስቀድሞ ካልፈቀደ አይሻገርም። ለብቻው የተለየና ንጹሕ የሆነ ፔት ግን ከዚያ ነፃ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ የፔት ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ 25 በመቶ፣ ከ2030 ጀምሮ 30 በመቶ እንደገና የተመረተ ፕላስቲክ እንዲኖራቸው በሕግ አስገድዷል። በዚህ ምክንያት ለምግብና ለመጠጥ የሚበቃው ጥራት ያለው ዕቃ እዚያ ከአዲሱ ፕላስቲክ በላይ ሲሸጥ ቆይቷል። ገበያው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ከነዳጅ ዋጋ ጋር ወደ ታች ይሄዳል። ሌላው በሕግ ተደግፎ ይቆማል። አንተ ብቻህን ወደ ሁለተኛው አትገባም። ግን ተረካቢህ ሊገባ ከፈለገ የት እንደተሰበሰበ የሚታወቅ ንጹሕ ዕቃ ያስፈልገዋል። ሆቴሎችህን እንደ ወርቅ ያዛቸው የምልህ ለዚህ ነው። ከሆቴል የሚወጣ ጠርሙስ መሬት ሳይነካ ወደ ማዳበሪያ ይገባል። ለሆቴሉ ማዳበሪያ ስጠው፤ ክዳን አውልቆ ውሃውን አንጠፍጥፎ እንዲያስቀምጥልህ ተስማማ፤ በኪሎ ትንሽ ጨምርለት። እሱን ከቆራሌው ዕቃ ጋር አትቀላቅል። ለብቻው ሽጠው።

አሁን ማሽኑ። መፍጫ አትግዛ እልሃለሁ። ቢያንስ መጀመሪያ አትግዛ።

ሰው መፍጫ የሚያስበው «ፍሌክ በኪሎ ከጠርሙስ በብዙ ይበልጣል» ብሎ ነው። የሚበልጠው ግን የታጠበው ፍሌክ ነው። ሳይታጠብ የተፈጨው ብዙ ጊዜ ከጠርሙሱም ሊያንስ ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠርሙስን ገዥው በዓይኑ ያያል። አረንጓዴው፣ የዘይቱ፣ ውሃ ያለው ሁሉ ይታየዋል። ከተፈጨ በኋላ ግን ሁሉም ፍርፋሪ አንድ ይመስላል። ውስጡ ምን እንዳለ አንተ ታውቃለህ፤ እሱ አያውቅም። የማያውቀውን ሰው የሚገዛው የባሰውን ገምቶ ነው። ስለዚህ አንተ በጥንቃቄ ለይተህ ብትፈጭም ዋጋ የሚሰጥህ እንዳልለየው ሰው ነው። ስም እስክታወጣ ድረስ ድካምህ አይከፈልህም። ማጠቢያ ልጨምር ካልክ ደግሞ ውሃ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ ማድረቂያ፣ የቆሸሸ ውሃ ማስወገጃ ያስፈልግሃል። ያ ሌላ ሥራ ነው፤ ሌላ ካፒታል ነው። በዚያ ላይ የመፍጫው ቢላ በአሸዋ ቶሎ ይዶለዱማል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ይከፈለዋል።

መግዛት ያለብህ ፕሬስ፣ ማለትም ጠርሙሱን ሳይፈጭ የሚጨምቅ ማሽን ነው። በእጅ የሚሠራ ወይም ትንሽ ሃይድሮሊክ ይበቃሃል። ምክንያቱን በስሌት ላሳይህ። እንዳለ የተጫነ ባዶ ሃይላንድ በአንድ ሜትር ኩብ 25 ኪሎ ቢሆን ነው። 22 ሜትር ኩብ የሚይዝ አይሱዙ ላይ ጢም አድርገህ ብትጭን 550 ኪሎ ነው። መኪናው ግን 50 ኩንታል መሸከም ይችላል። አየር እያጓጓዝክ ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለስሌት ኪራዩን 15,000 ብር እንበለው። ያኔ ማመላለሻው በኪሎ 27 ብር ይመጣል። በእግር ተረግጦ ማዳበሪያ ውስጥ ከታጨቀና 1,500 ኪሎ ከጫነ 10 ብር ይሆናል። ከላይ በስሌቱ ላይ የያዝኩት ይሄን ነው። በፕሬስ ተጨምቆ በሽቦ ከታሰረ ግን 5,000 ኪሎ ይጫናል። ያኔ 3 ብር ነው።

ከ10 ወደ 3። 7 ብር አተረፍክ። ፋብሪካው 80 ብር በሚከፍልበት በመጥፎው ጊዜ ትራፊህ 20 ብር ነበር፤ አሁን 27 ሆነ። ከመቶ 35 ጨመረልህ ማለት ነው። የነዳጁ ገበያ ምንም አልተለወጠም። የለወጥከው መሀል ያለውን ወጪ ነው። አንተ መቆጣጠር የምትችለው ያን 60 ብር ብቻ ነው፤ 100ውን አይደለም። የተጨመቀ ጠርሙስ ደግሞ አሁንም ጠርሙስ ነው። ገዥው ሽቦውን ቆርጦ ያየዋል፣ ይተማመናል። መፍጫው የሚሰጥህን የቦታ ጥቅም ፕሬሱ ይሰጥሃል፤ እምነት ሳያሳጣህ።

ፕሬስ ሲኖርህ አንድ ፈተና ይመጣል። ቦታ ስለማይፈጅ «ዋጋው እስኪጨምር ላከማች» ትላለህ። ጥቂት ሳምንት ይቻላል። ከዚያ በላይ ግን ነጋዴነት ሳይሆን ውርርድ ነው። ገንዘብህ ይታሰራል፣ ፀሐይ ላይ የቆየ ፕላስቲክ ይጎዳል፣ እሳት አንዴ ከተነሳ ደግሞ መጋዘኑ ሙሉ ይሄዳል። ለቆራሌዎች የምትከፍለው ጥሬ ገንዘብ ካለቀብህ እነሱ ወደ ሌላ ይሄዳሉ፤ መመለሳቸው ከባድ ነው።

ብረቱን በተመለከተ። ዕቃ ስመርጥ የምጠቀምበትን ሚዛን ልስጥህ። የፋብሪካው ዋጋ ስንት ነው ከማለት በፊት፣ ከዚያ ዋጋ ውስጥ መሀል ላይ የሚበላው ስንት ነው በል። አልሙኒየምን ውሰድ። ቁርጥራጭ አልሙኒየም ማቅለጥ ከማዕድኑ ጀምሮ ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። መሀል ያለው ወጪ ከ100 ብር 25 ብቻ ነው እንበል። ለሰብሳቢው 75 ይተርፋል። ፋብሪካው 20 በመቶ ቢቀንስ ሰብሳቢው ከ75 ወደ 55 ይወርዳል። ሩብ ያህል ነው፤ እንደ ሃይላንዱ ግማሽ አይደለም። ለዚህ ነው አሮጌ ድስትና የመኪና ክፍል ሁልጊዜ ገዥ የማያጣው። መዳብም እንዲሁ። በሌላው ጫፍ የተሰበረ ጠርሙስ አለ። ከባድ ነው፣ ይቆርጣል፣ አዲሱ የሚሠራበት አሸዋ ርካሽ ነው። ከከተማ ከወጣ ማመላለሻው ብቻ ዋጋውን ይበላዋል። ያልተሰበረው የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ያስመለሰው የመስታወቱ ዋጋ ሳይሆን የመያዣው ገንዘብ ነው።

ብረት መሀል ላይ ነው። ክብደት ስላለው ማመላለሻው አይጎዳህም። አርማታ ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች ስላሉም ገዥ አለው። ግን የሱም ዋጋ ከግንባታው ጋር ይወጣል ይወርዳል። ዓለም አቀፉ መለኪያ ቱርክ የምትገዛበት ዋጋ ነው፤ ከሁሉም አገር በላይ ቁርጥራጭ ብረት የምታስገባው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 የፋይናንስ ቀውስ ጊዜ ያ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወድቋል። ብረት ከመንግሥት ውሳኔም አያመልጥም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የኤሌክትሪክ መስመር ዝርፊያ ሲበዛባት የቁርጥራጭ ብረት ንግድን አገደች፤ እገዳው የተነሳው ከወራት በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካም በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ወደ ውጭ መላክን አግዳለች። ወደ ውጭ መላክ ሲታገድ የአገር ውስጥ ዋጋ ይወርዳል። ጥቅሙ ለአቅላጩ ነው፣ ጉዳቱ ለሰብሳቢው። ሃይላንዱን ሙሉ በሙሉ ትተህ ወደዚያ መዞር አደጋን በአደጋ መለወጥ ነው።

እኔ ብሆን ሃይላንዱን ይዤ አልሙኒየምና ካርቶን እጨምርበታለሁ። ካርቶኑ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ግን ያው ፕሬስ ይጨምቀዋል፣ ያው ሆቴል ይሰጥሃል፣ ያው መኪና ላይ ይጫናል። መዳብ ከመጣልህ ተጠንቀቅ። ከየት እንደመጣ የማታውቀውን ሽቦና ኬብል እንዳትነካ። የመብራትና የስልክ ኬብል ስርቆት በአገራችን የታወቀ ችግር ነው። አንዲት ጥቅል ኬብል ሱቅህን ታዘጋለች፣ አንተንም ታሳስራለች።

ስለ ቆራሌዎቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንተ ዋጋ ሲቆረጥብህ እነሱ ላይ ቆርጠሃል። የተፈጥሮ ነው፤ ሒሳቡ እንደዚያ ነው የሚወርደው። ግን አንድ ወለል አለ። ሰውየው ከንጋት ጀምሮ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ የሚያገኘው ከቀን ሥራ ካነሰ ማዳበሪያውን ጥሎ ወደ ግንባታ ይሄዳል። ያኔ ዋጋው ሲመለስ የሚሰበስብልህ አታገኝም። ጠርሙሱም ቦይ ውስጥ ይቀራል፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። የዚህ ኪሳራ በማንም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። አዲስ አበባ ላይ ረጲ ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ቆራሌው አንድ ኪሎ በሰበሰበ ቁጥር ለከተማው የሚያድነው ወጪ አለ። ያን ግን ማንም አይከፍለውም። መክፈል የነበረበት ጠርሙሱን የሚያመርተው ኩባንያና ከተማው ነው ብዬ አምናለሁ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ አምራቹ ላይ ይህን ኃላፊነት ጥላለች። እኛ አገር በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል። ጥሩ ነው። ፌስታልን መከልከል ግን ሃይላንድን ለሚሰበስብ ሰው ዋጋ አይደግፍለትም።

እስከዚያው በአንተ አቅም ያለውን አድርግ። ከቆራሌዎችህ ደህና ደህና የሚያመጡትን ለያቸው። ለእነሱ የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋ ወስንላቸው፤ ገበያው ቢወርድም ከዚያ እንደማትወርድ ንገራቸው። በጥሩው ጊዜ ሌላው ሰው ከሚሰጠው ትንሽ አሳንሰህ ስትከፍል ይሄን አስታውሰው ይቆዩልሃል። ጥቅሙ የጋራ ነው። በመጥፎው ጊዜ ዕቃ ያለህ አንተ ብቻ ትሆናለህ። ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ ተረካቢው ጋ ቁጭ ብሎ መደራደር ይችላል።

ለድርድሩም ስትሄድ «ዋጋ ጨምርልኝ» አትበለው፤ እሱም እጁ አጭር ሊሆን ይችላል። ሦስት ነገር ጠይቀው። አንደኛ፣ ዋጋው በየወሩ አንድ ቀን ብቻ ይወሰን፤ መኪናው መንገድ ላይ እያለ አይለወጥብኝ በለው። ሁለተኛ፣ የተጨመቀና ነጭ ብቻ የሆነው ዕቃ ከተደበላለቀው በኪሎ ስንት እንደሚበልጥ በጽሑፍ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ተቀናሽ ካለ አንድ እስር ተፈትቶ ሰውህ ባለበት ተመዝኖ ይሁን። ፕሬሱን ከመግዛትህ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አስፈርመው፤ ማሽኑ ስንት ወር ውስጥ ዋጋውን እንደሚመልስ ማስላት የምትችለው ያኔ ነው። አይሆንም ካለህም፣ የቀሩት ሁለት ተረካቢዎች ስልክ አለህ።